የፈረሰ የመኪና ውድድር ትራክ ታሪክ አጻጻፍ፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

ስለ መኪና ውድድር በአማርኛ የሚጻፉ ጽሑፎች በአብዛኛው የአሸናፊዎችን ስምና የነጥብ ሰንጠረዥ ይዘው ይቀርባሉ። ትራኩ ራሱ፣ ማለትም መኪኖቹ የሮጡበት አስፋልትና ኮንክሪት፣ የተመልካቾች መቀመጫውና ከሥሩ ያለው መሬት፣ ስሙ ብቻ ተጠርቶ ይታለፋል። ትራኩ ፈርሶ በቦታው የገበያ ማዕከል ወይም የአውሮፕላን ማረፊያ ሲተካበት ደግሞ የአሸናፊዎቹ ዝርዝር ምንም ሊያስረዳን አይችልም፤ ያን ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው መሬቱ የማን ነበር፣ ትራኩ በማን ገንዘብ ተሠራ፣ ማን አፈረሰው፣ ከፈረሰ በኋላስ ማን ተጠቀመበት የሚለው ነው።

ይህ መመሪያ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ፣ በአንድ ላፕቶፕና አልፎ አልፎ በሚገኝ ኢንተርኔት፣ የአንድን የፈረሰ ትራክ ታሪክ አስተማማኝ አድርጎ ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፤ አስቀድመው መሬቱን ይወቁ፣ ቀጥሎ ዘመኑን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ገንዘቡ ከየት መጥቶ የት እንደገባ ይመርምሩ፣ አሸናፊዎቹን በመጨረሻ ያስገቡ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህንን ገልብጠው ስለሚጀምሩ ጽሑፋቸው የውድድር ውጤት መዝገብ ሆኖ ይቀራል።

የትኛውን ትራክ ልምረጥ?

ለመጀመሪያ ሥራ ዕድሜው አጭር የሆነና አጀማመሩም አጨራረሱም በግልጽ የሚታወቅ ትራክ ይሻላል። በካሊፎርኒያ የነበረው ኦንታሪዮ ሞተር ስፒድዌይ እ.ኤ.አ. በ1970 ተከፍቶ በ1980 ተዘጋ፤ በማግስቱ ዓመት መፍረስ ጀመረ። የአሥር ዓመት ታሪክ አንድ ሰው በትዕግሥት ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር ሰሪ (Surrey) በተባለ አውራጃ የሚገኘው ብሩክላንድስ ግን እ.ኤ.አ. በ1907 ተከፍቶ እስከ 1939 ውድድር ያስተናገደ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ፋብሪካዎች የተያዘ በመሆኑ፣ ለጀማሪ ሰፊ ነው፤ ከፊሉም እስከ ዛሬ ቆሞ ሙዚየም ሆኗል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ጸሐፊ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው በሊቢያ ትሪፖሊ አጠገብ የነበረውን የሜላሃ ትራክ ነው። ጣሊያን ሊቢያን በቅኝ ግዛት ይዛ በነበረበት ዘመን የተሠራ፣ ርዝመቱ 13.1 ኪሎ ሜትር የነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1940 የትሪፖሊ ግራንድ ፕሪ የተባለው ታላቅ የመኪና ውድድር የተካሄደበት ትራክ ነው። ይህንን የሠራው መንግሥት ደሴን በቦምብ የደበደበው፣ ከዚያም ከደሴ ተነሥቶ በመኪና ወደ አዲስ አበባ የዘመተው መንግሥት ነው። ስለዚህ የሜላሃ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ስፖርት ወሬ አይደለም፤ የእኛው ታሪክ በሌላ ቦታ የነበረው ገጽታ ነው።

ቅርጹን ከመሬት ላይ ማንሳት

ማንኛውንም ነገር ከመጻፍዎ በፊት የትራኩን መስመር ራስዎ ይሣሉ። ለዚህ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ጉግል ኧርዝ በቂ ነው። የቀድሞ ዓመታትን የሳተላይት ምስሎች የሚያሳይ መሣሪያ ስላለው አንዳንድ ትራኮችን ከመፍረሳቸው በፊት እንደነበሩ ያገኟቸዋል። ለምሳሌ በሪዮ ዴ ዣኔሮ የነበረው የዣካሬፓጓ ትራክ የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተነሡት ምስሎች መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ያሳያሉ።

ወደ ውጭ አገር ትራክ ከመሄድዎ በፊት እጅዎን በሚያውቁት መንገድ ላይ ያለማምዱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይክፈቱና ርዝመቱን በመለኪያው ይለኩት። በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ አንድ አንድ ነጥብ ብቻ እያኖሩ ይለኩ፤ ቀጥሎ ኩርባው እንደዞረ ነጥቦቹን አቀራርበው ይድገሙት። የመጀመሪያው ልኬት ኩርባዎቹን በቀጥታ እየቆረጠ ስለሚያልፍ ሁልጊዜ ያጥራል። በመጨረሻ ያገኙትን ቁጥር በዚያው መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር ከመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አንብቦ እንዲነግርዎ ቢጠይቁት፣ ልኬትዎ ምን ያህል እንደሚታመን ያውቃሉ። ይህንን ልምምድ ያላለፈ ሰው ስለ ሌላ አገር ትራክ ርዝመት ለመከራከር ባይቸኩል ጥሩ ነው።

ትራክ ሲለካ በየትኛው መስመር ላይ እንደተለካ መጠየቅም ግድ ነው። ብሩክላንድስ ወርዱ 30 ሜትር ገደማ ነበር፤ በዳር በዳሩ የሚዞር መኪናና ወደ ውስጥ ተጠግቶ የሚዞር መኪና እኩል ርቀት አይጓዙም። 2.767 ማይል የሚባለው የውጭው ዙር ርዝመት ከውስጠኛው ጠርዝ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ገደማ፣ ርቆ ባለው መስመር ላይ የተለካ ነው። የእርስዎ ልኬት ከታተመው ቁጥር ትንሽ ቢለይ፣ ስሕተት ነው ከማለትዎ በፊት ይህንን ያስቡ።

እጅግ የቆየ ትራክ ከሆነ ሳተላይት አይረዳዎትም። የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ በዚያ ዘመን የነበረው ካሜራ አንዱን ነጥብ በ80 ሜትር ገደማ ስፋት ይይዝ ስለነበር፣ ኦንታሪዮን የመሰለ ትልቅ ትራክ ደብዘዝ ያለ ቅርጽ ሆኖ ሊታይ ቢችል ነው እንጂ መቀመጫዎቹ አይለዩም። ለሜላሃ ደግሞ ያለው አማራጭ የጣሊያንና የጦርነቱ ዘመን ወታደራዊ ካርታ፣ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍና ፊልም ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ ላይ የማይለወጡ ነገሮችን ይፈልጉ፤ የባሕር ጠረፍ፣ የጨው ሐይቅ ዳርቻ፣ የድሮ ዋና መንገድ። የሜላሃ ትራክ በጨው ሐይቁ ዙሪያ የሚዞር ስለነበር፣ የሐይቁን ዳርቻ ከዛሬው ምስል ጋር ካገጣጠሙ የትራኩን አቀማመጥ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ማስቀመጥ ይችላሉ።

ከፈረሱ በኋላም መንገዶች ይናገራሉ። በኦንታሪዮ የቀድሞው ትራክ ሥፍራ ላይ የሚገኙ ጎዳናዎች እንደ ዱሰንበርግ፣ ፌራሪ፣ ፖርሼና መርሰዲስ ባሉ የመኪና ስሞች ይጠራሉ፤ አስፋልቱ ጠፍቶ የጎዳና ስም ብቻ ሲቀር እርሱም እንደ ማስረጃ መመዝገብ አለበት።

ቁጥሮችን እርስ በርስ ማፋጠጥ

የታተመ ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው ስሕተት በቀላል ሒሳብ ይያዛል። የትሪፖሊ ግራንድ ፕሪ እ.ኤ.አ. በ1935 40 ዙር ነበር፤ 13.1 ሲባዛ በ40 ደግሞ 524 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ1939 30 ዙር ስለነበር ርቀቱ 393 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ጽሑፍ የ1939ኙ ውድድር 524 ኪሎ ሜትር ነበር ካለ፣ ጸሐፊው የሌላ ዓመት ቁጥር እንደቀዳ ወዲያው ያውቃሉ።

ፍጥነትም እንዲሁ ይፈተናል። ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1935 በብሩክላንድስ ያስመዘገበው የዙር ክብረ ወሰን በሰዓት 143.44 ማይል ነው። 2.767 ማይልን በዚህ ፍጥነት ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ ሲሰላ 69.44 ሰከንድ ይመጣል፤ መዝገቡም 1 ደቂቃ ከ9.44 ሰከንድ ይላል። ርዝመቱ፣ ፍጥነቱና ሰዓቱ ሦስቱም ሲስማሙ ቁጥሩን ያለ ፍርሃት ይጻፉት። ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር ሲለውጡ በ1.609 ያባዙ፤ የኮብ ፍጥነት በሰዓት 230.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለአማርኛ አንባቢ ኪሎ ሜትሩን ያስቀድሙ።

ዘመንን ማስተካከል

ሁለት ዘመን አቆጣጠር ያለን ሕዝብ እንደመሆናችን እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ይደርሳል። የውጭውን ታሪክ በውጭው አቆጣጠር ጽፈው «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ማስቀደም በቂ ነው፤ ነገር ግን የውጭውን ክስተት ከእኛው ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ሁለቱንም ወደ አንድ አቆጣጠር ይመልሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገቡ በኋላ ደግሞ ስምንት ዓመት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ጳጉሜን 6 ስትሆን የሚመጣው የአንድ ቀን መንሸራተት ነው። የ1927 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ ስለዚህ የ1928 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ሲሆን፣ መንሸራተቱ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ዘልቋል። ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበችበት ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንሸራተቱን የረሳ ሰው ኅዳር 27 ብሎ ይጽፋል።

አሁን የሜላሃን ውድድሮች ከዚህ አጠገብ ያስቀምጡ። ሩዶልፍ ካራቾላ በመርሰዲስ ያሸነፈበት የ1935ቱ ውድድር የተካሄደው ግንቦት 4 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ወረራው ሊጀመር አምስት ወር ያህል ሲቀረው። ቀጣዩ ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1936፣ ማለትም ግንቦት 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። የጣሊያን ጦር በሚያዝያ ወር ደሴን ይዞ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት መመሥረቱን አውጆ ነበር። አኪሌ ቫርዚ በጀርመኑ አውቶ ዩኒየን መኪና ሜላሃ ላይ ያሸነፈው ከዚያ አዋጅ በማግስቱ ነው። ይህንን በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጻፉ የውድድር ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሐረግ ያልፉታል፤ ከደሴ የሚጽፍ ሰው ግን ሊያልፈው አይገባም። እንዲህ ያለውን መጋጠም የሚያገኙት ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ከሠሩ ብቻ ነው፤ በአንዱ ዓምድ የትራኩ ክስተቶች፣ በሌላው የዘመኑ ክስተቶች ይግቡ። ሰንጠረዡን በጽሑፉ ውስጥ ማውጣት አያስፈልግም፤ ለእርስዎ ይሥራ።

የምስክርን ቃል መመዘን

ስለ ሜላሃ የሚያነብ ሁሉ የ1933ቱን የሎተሪ ታሪክ ያገኛል። ውድድሩ የትኬት ባለቤቱ ዕድል በአሽከርካሪው ውጤት ላይ ከሚመሠረት ትልቅ ሎተሪ ጋር ተያይዞ ስለነበር፣ ቫርዚና ተፎካካሪዎቹ ከዕድለኛ ትኬት ባለቤቶች ጋር ተስማምተው አሸናፊውን አስቀድመው ወስነዋል የሚል ትረካ አለ። ትረካውን በሰፊው ያሠራጨው የመርሰዲስ ቡድን አለቃ የነበረው አልፍሬድ ኖይባወር ከጦርነቱ በኋላ ባሳተመው ማስታወሻ ነው። እዚህ ላይ ማቆምና መጠየቅ ያስፈልጋል። መርሰዲስ እ.ኤ.አ. በ1933 በግራንድ ፕሪ ቡድን አሰልፎ አልተወዳደረም፤ የተመለሰው በ1934 ነው። ትረካው የተጻፈው ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም የትረካውን ብዙ ዝርዝር ተቃውመውታል። ስለዚህ «ሎተሪ ነበር፤ የትኬት ባለቤቶቹና አሽከርካሪዎቹ ተስማምተዋል የሚል ክስ ተነሥቷል፤ ዝርዝሩ አከራካሪ ነው» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው። ጣፋጭ ታሪክ ስለሆነ ብቻ እንደ እውነት አያስፍሩት።

በተቃራኒው የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም የነበረው ኢስቲቱቶ ሉቼ የተዋቸውን ፊልሞች ሲያዩ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊልሙ ሐሰት አይደለም፤ መኪኖቹም፣ ነጩ የተመልካቾች መቀመጫም፣ የሊቢያ ገዢ የነበረው ኢታሎ ባልቦም በእርግጥ ነበሩ። ነገር ግን ተቋሙ የተሠራው መንግሥትን ለማስመስገን ነው፤ በኢትዮጵያ ላይ የተደረገውን ጦርነትም የቀረጸው ያው ተቋም ነው። ፊልሙን ሲመለከቱ ማን እንዳልታየ ይመዝግቡ። መሬቱ የማን እንደነበረ፣ መንገዱን ማን እንደቆፈረ፣ ሊቢያውያኑ ከአጥሩ በየትኛው በኩል እንደቆሙ ካልጠየቁ፣ ሳያውቁት የገዢዎቹን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ገልብጠው ቁጭ ይላሉ።

ገንዘቡና መሬቱ

ትራክ የሚፈርሰው ውድድር ስለሰለቸ ብቻ አይደለም። ኦንታሪዮ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስተማሪያ ነው፤ ስለዚህ የትኛውንም ትራክ ቢመርጡ ይህንን አንብበው ይጀምሩ። ትራኩ በአሜሪካ የሚገኘውን ታዋቂውን የኢንዲያናፖሊስ ትራክ ቅርጽ ተከትሎ 2.5 ማይል፣ ማለትም 4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሆኖ የተሠራው 25.5 ሚሊዮን ዶላር በሆነ ቦንድ ነው። ቦንድ ማለት ብድር ነው፤ ወለዱ በየዓመቱ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1970 በተካሄደው የመጀመሪያው የካሊፎርኒያ 500 ውድድር ከመቶ ሺህ በላይ የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቶ ጂም ማክኤልሪዝ አሸነፈ፤ ነገር ግን ያን ያህል ሕዝብ በየወሩ አይመጣም። ትራኩን የሚያንቀሳቅሱት ድርጅቶች ተፈራረቁ፤ በ1974 ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ሳይቀር ተደገሰበት፤ ዕዳው ግን እንደቆመ ቀረ።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በዙሪያው የነበረው የወይን እርሻ ወደ ከተማ እየተለወጠ የመሬቱ ዋጋ አሻቀበ። ሼቭሮን ላንድ የተባለው ኩባንያ ቦንዱን በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቅናሽ ገዝቶ ወደ 320 ሄክታር የሚጠጋውን መሬት በእጁ አስገባ። የመጨረሻው ትልቅ ውድድር በኖቬምበር 1980 ተካሄደ፤ ዴል ኧርንሃርት ናስካር በተባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት ያረጋገጠው በዚያ ቀን ነው። ዛሬ በሥፍራው እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ የስፖርት አዳራሽ፣ መኖሪያ ቤቶችና ቢሮዎች አሉ። እንግዲህ ትራኩን ያፈረሰው የመሬቱ ዋጋ ከትራኩ ገቢ መብለጡ ነው፤ ታሪኩ መጻፍ ያለበትም በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ለአካባቢዎ አንባቢ መጠኑን ማስረዳት አይርሱ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመጀመሪያ ምዕራፍ 75 ሄክታር ነው፤ የኦንታሪዮ መሬት ከዚህ አራት እጥፍ ይበልጣል። እንዲሁም በእኛ አገር መሬት የማይሸጥና በከተማ በሊዝ የሚያዝ ሲሆን በካሊፎርኒያ ግን የግል ንብረት ሆኖ የሚሸጥና የሚለወጥ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስገንዝቡ፤ አለበለዚያ አንባቢው ኩባንያው ዕዳ በመግዛት ብቻ እንዴት መሬት እንዳገኘ ሊገባው አይችልም።

ሌሎቹ ትራኮች ሌላ ምክንያት አላቸው። ዣካሬፓጓን ያፈረሰው የ2016ቱ የኦሎምፒክ ፓርክ ነው፤ ከዚያ በፊትም ለ2007ቱ የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ሲባል ከፊሉ ተቆርጦ ነበር። ስለዚህ «ፈረሰ» ሲሉ በየደረጃው ይጻፉ። ብሩክላንድስም እንዲሁ በጦርነቱ ዘመን ለአውሮፕላን ፋብሪካው መግቢያ ሲባል መስመሩ ተቆረጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ለአውሮፕላን ሠሪው ኩባንያ ለቪከርስ አርምስትሮንግስ ተሸጠ። ሜላሃን ደግሞ የወሰደው ጦርነት ነው። ጁሴፔ ፋሪና በአልፋ ሮሜዮ ያሸነፈበት የመጨረሻው ውድድር እ.ኤ.አ. በሜይ 1940 ተካሄደ፤ ጣሊያን በሚቀጥለው ወር ወደ ዓለም ጦርነት ገባች። አጠገቡ የነበረው የአየር ማረፊያ በአሜሪካኖች እጅ ገብቶ ዊለስ የአየር ኃይል ሠፈር ሆነ፤ አሜሪካኖቹ በ1970 ለቀቁ፤ ዛሬ ሚቲጋ አውሮፕላን ማረፊያ ይባላል።

አሸናፊዎቹን ማስገባት

እዚህ ላይ ሲደርሱ የትኛው ውድድር ለትራኩ ታሪክ እንደሚጠቅም ራስዎ ያዩታል። ከሜላሃ ውድድሮች መካከል የ1939ኙ ሰፊ ቦታ ይገባዋል። ጣሊያኖች በጀርመን መኪኖች መሸነፍ ስለሰለቻቸው ውድድሩን 1.5 ሊትር ሞተር ላላቸው መኪኖች ብቻ ወሰኑት፤ የእነርሱ ፋብሪካዎች እንዲህ ያለ መኪና ነበራቸው። መርሰዲስ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ደብልዩ 165 የተባለ አዲስ መኪና ሠርቶ መጣና ሄርማን ላንግ አንደኛ፣ ካራቾላ ሁለተኛ ወጡ። ይህ ውድድር ትራኩ ለማን ጥቅም እንደተሠራ የሚያሳይ ስለሆነ ይተረካል። የቀሩትን አሸናፊዎች በአንድ አንቀጽ መዘርዘር ይበቃል።

ረቂቁን ከጨረሱ በኋላ ለሁለት ሰዎች ያስነብቡ፤ አንዱ ውድድር የሚከታተል፣ ሌላው ደግሞ ካርታ ማንበብ የሚችል ይሁን። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ቢያገኙ ልኬትዎን በደንብ ይፈትሽልዎታል። ሌላ ሰው ያነሣውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ አያትሙ፤ የራስዎን የትራክ ሥዕል ያውጡ። ስለ ሥፍራው የዛሬ ሁኔታ ሲጽፉ ያዩት ምስል የትኛው ዓመት እንደተነሣ ይግለጹ፤ የሣሉበትንም ፋይል ከጽሑፉ ጋር አብረው ያስቀምጡት፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣ ሰው ነጥቦቹን ከፍቶ ማረም እንዲችል።